ይሄ የእውነት የዩኒቨርሲቲው ነው?

ይሄን ሁሉ የሚያስጽፈኝ አንድ ጥያቄ ነው። ስራዬ ዌብሳይት ዲዛይን ነው፣ እና አንድ ዩኒቨርሲቲ ሳይቱን እንደ አዲስ እንድንሰራለት ተዋውሎን ለወራት ስብሰባ ስንቀመጥ ከረምን። ስለ ቀለም አወራን፣ ስለ ሎጎ አወራን፣ ስለ "የተቋሙ ማንነት" ስንት ፓወርፖይንት አየን። ከዛ ሁሉ ወሬ ግን እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው ስብሰባው ላይ ማንም ያላነሳው፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለች ኮፒ ቤት ውስጥ አንድ አባት የጠየቁት ነገር ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለም። ከተማው የሚያልቅበት ጋር ነው ያለው፣ በአንድ በኩል ገና ያላለቁ ኮንዶሚኒየሞች፣ በሌላ በኩል የጤፍ ማሳ፣ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በባጃጅ ነው የምትገቡት። እኔም የዳር ሰው ነኝ፣ ቤቴ ኮዬ ፈጬ ነው፣ ስለዚህ ዳር ላይ ጉዳይ ማስፈጸም ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አንድ ወረቀት ጎደለ ተብላችሁ ከተመለሳችሁ በቃ ያ ቀን አለቀ።

ሆም ፔጁ የማን ነው

ኮሚቴው ውስጥ ከአይሲቲ፣ ከኮሙኒኬሽን፣ ከሪጅስትራርና ከየኮሌጁ የተወከሉ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ሆም ፔጁ ላይ የሚፈልገው ነገር ነበረው። የፕሬዚዳንቱ መልዕክት ከነፎቶው ከላይ ይሁን፣ የለም መጀመሪያ የግቢው በር ፎቶ ይምጣ፣ የምረቃው ይግባ፣ የጥናትና ምርምር ኮንፈረንሱ እንዳይረሳ፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ በተን ይኑረው። ይሄን የምለው ላማቸው አይደለም፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ጀርባ ሰው የለፋበት ስራ አለ፣ የሰራውን ነገር ሰው እንዲያይለት የማይፈልግ ደግሞ የለም። ችግሩ ሁሉም የሚያወራው ዩኒቨርሲቲው ስለራሱ ምን መናገር እንደሚፈልግ ነው፣ ሳይቱን የሚከፍተው ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ፎቶዎቹን ለማስማማት ተብሎ ሁልጊዜ የሚመጣው መፍትሄ ስላይደር ነው፣ ፎቶዎቹ አንድ ቦታ ላይ እየተቀያየሩ የሚያልፉበት፣ ሁሉም በየተራ ይታይ፣ ማንም አይከፋ። አሜሪካ ያለው የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ የዌብ ሰዎች በ2013 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ሆም ፔጅ ስላይደር ቆጥረው ነበር፣ ገጹን ከከፈተው ሰው ውስጥ ስላይደሩን ክሊክ የሚያደርገው 1 በመቶ ገደማ ነው፣ ከነሱም አብዛኛው የነካው የመጀመሪያዋን ፎቶ ነው። ይሄን ስብሰባው ላይ አሳየኋቸው። አንድ ዲን ግን "እሱ የአሜሪካ ነው፣ የኛ ሰው ፎቶ ይወዳል" አሉኝ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም ምክንያቱም የኛን ሰው የቆጠረው የለም።

የማንነቱ ክርክር ደግሞ ከዚህም ይከብድ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማንነቱን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፣ ስድስት ኪሎ ያለው ግቢ ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት የነበረ፣ ንጉሱ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ነው፣ አርማው ላይ ሁሉን ፈትኑ መልካሙን ያዙ የሚል የግዕዝ ቃል አለ። በኛ እድሜ የተሰራ፣ ዳር ላይ ያለ ግቢ ግን ምን ብሎ ራሱን ያሳያል? መንግስት ዩኒቨርሲቲዎችን የምርምር፣ የአፕላይድ፣ ኮምፕሬሄንሲቭ እያለ ከከፈላቸው ወዲህ ይሄ ጥያቄ ስብሰባ ውስጥ በየሰበቡ ይነሳል። የአንዱ ስላይድ "አለም አቀፍ ተወዳዳሪ" ይላል፣ የሌላውም እንደዛው፣ ሎጎውን ብትቀይሩት የማንም ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ተማሪውም ቢሆን አብዛኛው ተመድቦ ነው የሚመጣው፣ ፎርም ላይ ምርጫውን ቢሞላም የሚደርሰውን አያውቅም፣ ስለዚህ ሳይቱን የሚከፍተው ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ ሳይሆን "የደረሰኝ ቦታ ምን አይነት ነው፣ መቼ ልሂድ፣ ምን ልያዝ" ብሎ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችን ሳይት ቀድቶ መስራት እኛ ጋር የማይሰራው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ እነሱ ተማሪ እየሳቡ ነው፣ እኛ ግን የተመደበ ሰው እየተቀበልን ነው።

ኮፒ ቤቷ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ስብሰባ በሌለ ቀን በሩ ፊት ለፊት ካለችው ኮፒ ቤት እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። ኮንቴይነር ውስጥ ያለች ቤት ናት፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ዴስክቶፕ፣ ላሚኔሽን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ክላሰር። ባለቤቷ መስታወቱ ላይ በማርከር የጻፈችው ወረቀት አለ፤ "ፍሬሽ፦ የ8ኛ ካርድ ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ከ9–12 ትራንስክሪፕት፣ የ12 ውጤት፣ 3 በ 4 ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ ልብስ። ሪጅስትራር ከበሩ በቀኝ ሁለተኛው ህንጻ። ከ6:30 በኋላ ምሳ ነው።" ከታች ደግሞ በሌላ ቀለም "ቴምፖ ለመውሰድ ክሊራንስ ግዴታ ነው" የሚል ተጨምሯል፣ ቴምፖ የሚሉት ጊዜያዊ ዲግሪውን ነው። አንብቤ ስጨርስ ከፍለው ካሰሩት የሳይቱ ሜኑ ይልቅ ይቺ ወረቀት ለሰው እንደምትጠቅም ግልጽ ነበር፣ ሴትዮዋ ደግሞ ማንም ሳያዛት፣ ሰው ሲንከራተት እያየች የጻፈችው ነው።

የዛን ቀን ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ልጅቷ ሻንጣና በማዳበሪያ የታሰረ ብርድ ልብስ ይዛለች፣ እሳቸው ስልክ ይዘዋል። ስልኩን ለባለቤቷ ሰጧትና፣

"ልጄ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ፣ ይሄ የእውነት የዩኒቨርሲቲው ነው?"

"ማን ላከላችሁ አባባ?"

"ቴሌግራም ላይ ነው፣ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው የላከልኝ" አለች ልጅቷ።

ፎቶ ነው። ማህተም ያለበት የጥሪ ማስታወቂያ፣ ስካን ተደርጎ፣ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ሲተላለፍ አናቱ ተቆርጦ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን ያለበት ቦታ የለም። "ጥቅምት 8 እና 9" ይላል፣ የየት ዓመት ጥቅምት እንደሆነ አይልም። ባለቤቷ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየችውና "የኔ እናት፣ ይሄ የአምናው ነው" አለቻት። እንዴት አወቅሽ ስትባል ማህተሙን በጣቷ አሰፋችው፤ "ይኸው፣ ማህተሙ 'ትራስ ልብስ' የሚለው ላይ አርፎ ፊደሉን አጥፍቶታል። አምና ለስንት ሰው ፕሪንት አርጌዋለሁ እኔ።"

እኔ ወዲያው ሳይቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ የበሩ ፎቶ እየተንቀረፈፈ መጣ፣ ካሜራው እንዳነሳው ሳይቀነስ የተጫነ ነው፣ ከዛ መልዕክቱ፣ ከዛ በእንግሊዝኛ የመግባቢያ ሰነድ ስለመፈራረም የሚያወራ ዜና። "ማስታወቂያ" የሚለውን ነካሁ፣ ባዶ ገጽ ነው። አባትየው አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። "አለ ወይ ልጄ?" አሉኝ። የለም አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ "እንግዲህ እነሱ ራሳቸው ካልነገሩን በማን አፍ እንመን?" አሉ።

የዘንድሮው ጥሪ ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፣ ባለቤቷ አንድ የምታውቀው ፕሮክተር ጋ ደውላ ነው ያረጋገጠችላቸው። ዶርም አልተከፈተም። ሰውየው አዝመራ ጥለው ነው የመጡት፣ ልጅቷን ዘመድ ጋር አስጠግተው በማግስቱ ተመለሱ። ሻንጣው እዛው ኮፒ ቤት ከማሽኑ ስር አደረ።

እስከዛ ቀን ድረስ ሁለት ስራ ያለን ነበር የሚመስለኝ፣ አንዱ ለተጠቃሚው ማመቻቸት፣ ሌላው ማንነቱን ማሳየት፣ ኮሚቴውም በጀቱን እንደዛ ነበር የከፈለው። የሰውየው ጥያቄ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ማንነት የሚባለውን ነገር እዛ ቤት ውስጥ ከሁላችን በላይ የፈለጉት እሳቸው ናቸው፣ "የሚያናግረኝ ማን ነው፣ እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው" ነው ያሉት። የሎጎው ሰማያዊ ትንሽ ይደመቅ አይደመቅ ስንል የከረምነው ለዚህ ሰው ምንም አላደረገለትም። ሎጎው እኮ ፎቶው ላይ አለ፣ ማንም ቻናል ከፋች ሎጎውን ገልብጦ ፕሮፋይል ያደርገዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው፣ ሳይት አለን እንላለን፣ በችግር ሰዓት ግን ሰው ተደግፎ የሚቆምበት አይደለም።

ማህተሙን አትንኩት

እኔና የስራ ባልደረባዬ መጀመሪያ ያሰብነው ስካን የተደረገ ደብዳቤ ከሳይቱ ላይ ጨርሶ እንዲጠፋ ነበር። ፎቶ ሰርች አይደረግም፣ ዳታ ይበላል፣ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ጽሁፉን በድምጽ የሚያነብላቸውን ስክሪን ሪደር ሲጠቀሙ "ምስል" ብሎ ያልፈዋል፣ የጥሪው ቃል አይነበብላቸውም። በየዓመቱ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ የመጀመሪያ መልዕክታቸውን ሌላ ሰው ካላነበበላቸው በቀር አያገኙትም ማለት ነው፣ ይሄ በጣም ይከነክነኛል።

ግን ለምን ስካን እንደሚደረግ ለማየት ደብዳቤው የሚጻፍበት ቢሮ ሄድን። ጸሀፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት ነው የምትጽፈው፣ ፋይሉን ሰጥታን ሳይቱ ላይ ፔስት ስናደርገው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ወጣ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት ሁሉም ሶፍትዌር በራሱ መንገድ ነበር ፊደሉን የሚያስቀምጠው፣ እና ብዙ መስሪያ ቤት አሁንም ድረስ በለመደው ይጽፋል። ስለዚህ የአይሲቲ ልጆቹ ስካን የሚያደርጉት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፣ ፔስት ሲደረግ ስለሚበላሽ ነው። ጸሀፊዋን በዩኒኮድ ኪቦርድ አለማመድናት፣ ረፋዱን ተቀምጣ ከሰዓት በኋላ ራሷ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈችበት፣ ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ሁለተኛውን ምክንያት የነገሩን የሪጅስትራሯ ወይዘሮ ናቸው። በስብሰባ ብዙ አይናገሩም፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለው ነው መሰለኝ የዛን ቀን እጃቸውን አወጡ። "እናንተ ልጆች፣ ማህተሙን አትንኩት" አሉን። "እኔ መስኮት ላይ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ፣ ሰው ማህተም ካላየ አያምንም፣ እኔም አላምንም። ዝም ብሎ የተጻፈ ጽሁፍማ ማንም ይጽፋል።" ትክክል ናቸው። ማህተሙን የምናጠፋው ከሆነ የሰውየውን ጥያቄ አባሰነው እንጂ አልመለስነውም።

በመጨረሻ የተስማማንበት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ማስታወቂያ በጽሁፍ ሆኖ የራሱ ገጽ ይኖረዋል፣ አድራሻው አይቀየርም። ከላይ የደብዳቤው ቁጥርና የወጣበት ቀን፣ ከስር ማህተም ያለበት ደብዳቤ ማውረድ ለሚፈልግ። ጊዜው ሲያልፍ ገጹ አይጠፋም፣ አናቱ ላይ በቀይ "ይሄ የ… ዓ.ም. ጥሪ ነው፣ ጊዜው አልፏል" ይላልና አዲሱን ያሳያል። ስካኑ ላይም ዓመተ ምህረቱና የገጹ አድራሻ መሀሉ ላይ ፈዘዝ ተደርጎ ይታተማል፣ አናቱ ቢቆረጥ እንኳን እንዲቀር። ቴሌግራምን አልተጣላነውም፣ ሰው ያለው እዛ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ቻናል ግን ፎቶ ብቻውን አይለቅም፣ ሁልጊዜ ከገጹ ሊንክ ጋር ነው። ሳይቱ ላይ ደግሞ "የኛ ቻናልና ፔጅ እነዚህ ብቻ ናቸው" የሚል አጭር ዝርዝር አለ። አድራሻው ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ ላይ የሚያልቅ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው፣ ያን ስም ማንም ተነስቶ አይወስደውም፣ ለተማሪዎች ይሄን ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ ቋንቋው

ሜኑውን ለማስተካከል ኮሚቴው ለመላው ተማሪ መጠይቅ ይበተን አለ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባለው የዚህ ሙያ ሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ከ5 ሰው ጋር ብትፈትኑ አብዛኛውን ችግር ታገኛላችሁ፣ ከዛ አስተካክላችሁ እንደገና ፈትኑ ብሎ ጽፏል፣ እኛም እሱን ተከተልን፣ ላውንጅ ቁጭ ብለን ለተማሪ ሻይ እየጋበዝን። የሳይቱን ጉዳዮች ካርድ ላይ ጻፍንና አብሮ የሚሄደውን ሰብስቡ አልናቸው። የድሮው ሜኑ በቢሮ መዋቅር ነበር የተደረደረው፣ ዶርም ፈልጋችሁ በምክትል ፕሬዚዳንት ስር ዳይሬክቶሬት፣ ከዛ ቡድን መሪ እያላችሁ ነው የምትደርሱት። ተማሪዎቹ ግን ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ አንድ ላይ አደረጉ፣ ክሊራንስ፣ ኮስት ሼሪንግና ቴምፖ አንድ ላይ፣ "ስትወጣ የሚያስፈልግህ" ብለው። ቢሮው የማን እንደሆነ ማንም ግድ አልሰጠውም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ፣ ገና ተማሪ ያልሆነ ልጅም ሳይቱን እንደሚከፍት የነገሩን እነሱ ናቸው፣ ሬሜዲያልና የመውጫ ፈተናም የራሳቸው ቦታ እንዲኖራቸው የጠየቁት እነሱ ናቸው።

አንዱ ልጅ ስልክ ላይ ስንፈትን የእንግሊዝኛውን ገጽ ከፍቶ "ኦረንቴሽን 8:30" የሚለውን አነበበና "ከሰዓት ነዋ" አለ፣ በኛ አቆጣጠር ለሱ 8:30 ከምሳ በኋላ ነው። የጻፈው ሰው ጠዋት 2:30 ማለቱ ነበር። ኤ ኤም የሚለው አጠገቡ አለ፣ ልጁ አላየውም፣ ደግሞ ለምን ያያል፣ ሰዓት ማንበብ የሚያውቀው ሰው ነው። አሁን በሁሉም ቋንቋ "ጠዋት 2:30" ተብሎ ይጻፍና የፈረንጁ ከጎኑ ይቀመጣል። ቀንም እንደዛው፣ የወር ስም በፊደል ይጻፋል፣ በቁጥር ብቻ ከሆነ 2/1 ጥቅምት 1 ይሁን መስከረም 2 አይታወቅም፣ ዓመተ ምህረቱም የትኛው እንደሆነ ይጻፋል።

ቋንቋ ላይ ብዙ ተከራከርን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳይቱም በእንግሊዝኛ ይሁን የሚሉ ነበሩ። ግን የሚያነበው ተማሪው ብቻ አይደለም፣ አባት ያነበዋል፣ ጎረቤት ያነበዋል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ገበሬ ግቢው የሚሰጠውን የእንስሳት ህክምና አገልግሎት ማወቅ ይፈልጋል፣ አካባቢው ደግሞ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ ጥሪ፣ ምዝገባ፣ የአገልግሎት ክፍያና ለአካባቢው ሰው የሚሰጡ አገልግሎቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ እኩል ይወጣሉ፣ የኮርስ ዝርዝርና የምርምር ገጾች በእንግሊዝኛ ብቻ። ማንነታችን ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከስላይዶቹ ሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው ይሄ ውሳኔ ይመስለኛል፣ ግቢው የት እንዳለና ጎረቤቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ይታያል። ስላይደሩ ቀረ፣ የበሩ ፎቶ አንድ ብቻ ሆኖ አለ፣ ተቀንሶ፣ ከስሩ "እዚህ እንዴት ልድረስ" የሚል በተን፣ የታክሲው መስመርና የባጃጁ መውረጃ ተጽፎ። የፕሬዚዳንቱ መልዕክት "ስለ እኛ" ውስጥ ገባ፣ እሳቸው ራሳቸው የኮፒ ቤቱን ነገር ስንነግራቸው "ማስታወቂያው ይቅደም" ያሉት ናቸው።

አሁን የሚያሳስበኝ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ሳይት የሚሞተው በዲዛይን አይደለም፣ የሚጽፍበት ሰው ስራ ሲቀይር ነው። ለዚህ ነው ማስታወቂያ የመለጠፍ ስልጣን ከአይሲቲ ወጥቶ ሪጅስትራር ውስጥ ላሉ ሁለት ሰዎች እንዲሰጥና የስራ መዘርዝራቸው ላይ እንዲገባ አጥብቀን የጠየቅነው፣ የሪጅስትራሯ ወይዘሮ ፈርመውበታል። ያልተፈታው የተመራቂዎች ክፍል ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ወደ ውጭ ለማስላክ ዛሬም ውክልና ሰጥታችሁ ዘመድ በአካል መላክ አለባችሁ፣ ጎንደር ያለ ሰው፣ ዱባይ ያለች ልጅ። ቅጹን ወደ ሳይቱ ለማምጣት ረቂቁን ሰርተን አስገብተናል፣ ክፍያው በቴሌብር እንዲሆን ፋይናንስ ተስማምቷል፣ የቀረው ማህተሙ በምን መንገድ ተቀባዩ ጋር እንደሚደርስ መወሰን ነው፣ እሱ ላይ ከህግ ክፍሉ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት እንቀመጣለን።